«ማን አደረገልሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከሰላሳ ዓመት በላይ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሏል፤ ምላሴ ግን አልደከመም። ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ የወለዱ እናቶችን ታሪክ እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። ደስ ይለኛል፣ አወራለሁም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ጽንስ ማቋረጥ በሕግ ስለተከለከለ ሳይወልዱ ስለሞቱት ነው። ነጭ ጋውን ለመልበስ ለምትዘጋጁ፣ ሕግ ለምታጠኑ፣ ደግሞም ጓደኛ ላላችሁ ሁሉ።

ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። የሌሊት ተረኛ ነኝ። አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በጓደኛዋ ተደግፋ ገባች። ካርዷ ላይ «የሆድ ሕመም» ይላል። ትኩሳቷን ስለካው 39.6 ሆነ። ልቧ ይሮጣል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ግንባሯ ይፋጃል፣ ጣቶቿ ግን በረዶ ናቸው። ጠጋ ስል ሽታው ነገረኝ። ያንን ሽታ አንዴ ያወቀ ሰው አይስተውም።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ወድቄ ነው፣ ሲስተር።»

«የት?»

«ደረጃ ላይ።»

ይኼኔ ነው የተሳሳትኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ግን እንደ መርማሪ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ «ማን ነው ያደረገልሽ?» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልወጣትም። ጓደኛዋም «እኔ ምንም አላውቅም፣ መንገድ ላይ ነው ያገኘኋት» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ሐኪሙ መጥቶ፣ መርምሮ፣ ነገሩን እስኪደርስበት ሁለት ሰዓት ሄደ። ደም ለተመረዘ ሰው ሁለት ሰዓት ብዙ ነው። አንቲባዮቲኩ ተጀመረ፣ ግሉኮሱ ተሰቀለ፣ ማህፀኗ ተጠረገ። ሊነጋጋ ሲል የደም ግፊቷ አልለካ አለ። ወፍ ሲንጫጫ አለፈች።

ፋይሏ ላይ የሞት ምክንያት ተብሎ የሰፈረው «የደም መመረዝ» የሚል ብቻ ነው። ውሸት አይደለም። እውነቱ ግን ግማሹ ቀርቷል።

ያቺን ልጅ ምን ገደላት ብትሉኝ አንድ መልስ የለኝም። ባክቴሪያው አለ። ያልታጠበ እጅ አለ። ሦስት ቀን ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቃ መክረሟ አለ። የእኔም ጥያቄ አለ፣ አልሸሽገውም። ሁሉንም ያገጣጠመው ግን ፍርሃቷ ነው፤ ፍርሃቷን የሰጣት ደግሞ ሕጉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአባቶች ተረት። ደብቂ ብሎ የሚያስገድዳት ሕጉ ራሱ ሲሆንስ? ተረቱ ለዚያ መልስ የለውም።

ወጣት ሳለሁ የሚከለክል ሕግ ካለ ጽንስ ማቋረጥ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ሰው ስለተከለከለ ስንቱን ይተዋል? ብዙ ነገር ይተዋል። ይህንን ግን አይተውም። የቸገራት ሴት መንገድ ትፈልጋለች፤ ሕጉ የሚቀይረው ቦታውን፣ እጁንና ሰዓቱን ነው። ከክሊኒክ ወደ ጓዳ ይገባል። ከሠለጠነ እጅ ወጥቶ ገንዘብ በተቀበለ እጅ ይወድቃል። በስምንተኛው ሳምንት ያልቅ የነበረው ነገር ገንዘብ ሲፈለግ፣ ሰው ሲጠያየቅ፣ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይደርሳል። እርግዝናው በገፋ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ይህን አዋላጅ ሁሉ ያውቃል።

ቁጥር እንደማይወደድ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 73 ሚሊዮን የሚጠጋ ጽንስ እንደሚቋረጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ከዚህ ውስጥ 45 በመቶው ደህንነቱ ያልተጠበቀ ነው፤ ከእሱም 97 በመቶው የሚፈጸመው በታዳጊ ሀገሮች ነው። ሕጉ ጥብቅ በሆነበትና ላላ ባለበት ሀገር ስንት ሴት ታቋርጣለች ብለው ሲያነጻጽሩ የሰማይና የምድር ልዩነት አልተገኘም። ልዩነቱ ያለው በሕይወት ተርፎ ቤት በመግባት ላይ ነው። በ2017 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ) የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕጉ ሰፋ ባለባቸው ሀገሮች ከአሥሩ ወደ ዘጠኙ የሚጠጋው በደህና መንገድ ይከናወናል። እጅግ ጥብቅ በሆነባቸው ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ።

አሁን ደግሞ ይቺን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ደህንነቱ ባልተጠበቀ መንገድ ካቋረጡ 100,000 ሴቶች ውስጥ በበለጸጉት ሀገሮች 30 ያህል ይሞታሉ። በታዳጊዎቹ 220። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ 520። የሴት አካል የትም አንድ ነው። ማህፀኗ ያው ማህፀን፣ ደሟም ያው ደም ነው። 30 እና 520ን የለያየው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። ማን ጋ ትሄዳለች? ስንት ሰዓት ይፈጅባታል? ስትደርስስ እንዴት ይቀበሏታል?

በ2023 በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሞቱ ሴቶች 260,000 ገደማ ናቸው። በቀን ከ700 በላይ ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ በዚህ ጣጣ ሞተ ስትሉ የዓለም ጤና ድርጅት ከ4.7 እስከ 13.2 በመቶ ይላችኋል። ለምን እንዲህ ተራራቀ? ከአምስት ያነሰና ከአሥራ ሦስት የበለጠ፣ ይህ ምን ዓይነት ቆጠራ ነው? ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ያቺ ፋይል ትዝ ትለኛለች። «የደም መመረዝ።» ልጅቷ ደብቃ መጣች፣ ጓደኛዋ ደብቃ ሄደች፣ እኛም ቤተሰቧን ከውርደት እናድን ብለን ደብቀን ጻፍን። በየሀገሩ እንደ እኔ ያለ ስንት ሰው አለ? የተከለከለ ነገር መጀመሪያ የሚያጠፋው ቆጠራውን ነው። ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ በጀት አይመደብለትም።

ስለዚህ ሐኪም ስትሆኑ እውነቱን ጻፉ። ስሟን ጠብቁ፣ ምክንያቱን ግን አትሸፍኑ።

አንድ ሀገር ሕጉን ዘግቶ ከዚያ መልሶ ቢከፍተው ምን ይሆናል? ይህን ሆን ብሎ ሰው ላይ የሚሞክር ሰው አይኖርም ትላላችሁ። ሮማኒያ ሞክራዋለች። የሀገሪቱ መሪ ኒኮላይ ቻውሴስኩ የሕዝቡ ቁጥር ይጨምር ብሎ በ1966 አዋጅ ቁጥር 770ን አወጣ። በጣት ከሚቆጠሩ ምክንያቶች በቀር ጽንስ ማቋረጥ ተከለከለ። የእርግዝና መከላከያም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሰውየው ያሰበው ሆነለት። በ1967 የተወለዱት ሕፃናት ከቀድሞው ዓመት እጥፍ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያስ? ሴቶቹ መንገዱን አገኙት። የወሊዱ ቁጥር በየዓመቱ ቁልቁል ወረደ፤ የእናቶች ሞት ግን ወደ ላይ ወጣ። በ1980ዎቹ ጨርሶ አጠበቁት። ሴቶችን በሥራ ቦታቸው የማህፀን ምርመራ እስከማድረግ ደረሱ።

በ1989 ከ100,000 ወሊድ ከ150 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በአውሮፓ ከዚያ የከፋ አልነበረም። ከአሥሩ ሞት ስምንት የሚበልጠው ከጽንስ ማቋረጥ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አገዛዙ ወደቀ። አዲሱ መንግሥት ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ አድርጎ አዋጁን ሻረው። አዲስ ሆስፒታል አልተሠራም። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። ሀገሪቱ ያኔ ዳቦ እንኳ ተሰልፋ የምትገዛ ነበረች። የእናቶች ሞት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በእነዚያ 23 ዓመታት ያለቁት ሴቶች ወደ 10,000 ይጠጋሉ። ያልተፈለጉት ልጆችም በየማሳደጊያው ታጉረው የተገኙት ከ100,000 በላይ ነበሩ። ሥዕሎቻቸውን ያኔ በጋዜጣ አይቻለሁ። ከአልጋው ብረት ጋር ራሳቸውን የሚያወዛውዙ ሕፃናት። ከዚያ በኋላ «ሕጉ ለሕፃናቱ ሲባል ነው» የሚለኝን ሰው በትዕግሥት መስማት ይቸግረኛል።

ደቡብ አፍሪካም በ1996 ሕጉን ከፍታ ከ1997 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለችው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጽንስ ማቋረጥ ጋር የተያያዘው ሞት በ91 በመቶ ወረደ። በኔፓል እስከ 2002 ድረስ ሴቶች በዚህ ምክንያት ወህኒ ይወርዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት መሰጠት ጀመረ። ኢትዮጵያም በ2004 ባወጣችው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ላይ በሩን ገርበብ አድርጋለች። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 552 ደግሞ በመደፈር ወይም በሥጋ ዘመድ ያረገዘች ሴት ቃሏ ብቻ ይበቃል ይላል። ሆኖም ሕጉ መኖሩን የማታውቅ ሴት ሕጉ እንደሌለ ነው የምትኖረው። ይህ የትም ሀገር ያለ ችግር ነው። ወረቀት ላይ የተፈቀደ ነገር ለሴትየዋ እስኪደርስ ስንት የዘበኛ በር ያልፋል መሰላችሁ?

ለሕግ ተማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ቃል ስላችሁ በቁሙ ነው። «ሕይወቷ አደጋ ላይ ሲወድቅ» ብላችሁ ትጽፉና ብዕራችሁን ትከድናላችሁ። እኛ ደግሞ ያቺን ሐረግ ይዘን ከአልጋው አጠገብ እንቆማለን። አደጋ ላይ የምትወድቀው መቼ ነው? ትኩሳቷ 38 ሲሞላ? 39 ሲሞላ? ግፊቷ ሲወርድ? እስር ያለበት ጥያቄ ሲሆን ሐኪሙ ይጠብቃል። ትንሽ ትጨምር፣ ማስረጃ ይሁነኝ ይላል። እሱ ማስረጃ ሲጠብቅ ኢንፌክሽኑ አይጠብቅም።

በ2012 አየርላንድ ውስጥ ሳቪታ ሃላፓናቫር የተባለች የ31 ዓመት የጥርስ ሐኪም በዚህ መንገድ ሞተች። የ17 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወዳና የፀነሰችው ልጅ ነው። የሽርት ውሃው ፈሰሰ። ጽንሱ እንደማይተርፍ ሁሉም አወቀ። ይውጣልኝ ብላ ጠየቀች። የጽንሱ ልብ ገና ስለሚመታ ሕጉ አይፈቅድም ተባለች። ቀናት ካለፉ በኋላ የደም መመረዝ ገደላት። እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን ያቺ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነች ትዝ ያለችኝ። አንዷ ባሏ አጠገቧ ያለ፣ በሀብታም ሀገር ሆስፒታል የተኛች ሐኪም። ሌላዋ ስሟን እንኳ በትክክል ያላስመዘገበች ልጅ። የገደላቸው ግን አንድ ነው፤ መጠበቅ። አየርላንዶች በ2018 በሕዝበ ውሳኔ ጽንስ ማቋረጥን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ 66.4 በመቶ በሆነ ድምፅ ሻሩት። ለሳቪታ አልደረሰላትም። በፖላንድም የሀገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2020 ሕጉን ካጠበበ በኋላ በ2021 አንዲት የ30 ዓመት እናት በተመሳሳይ ሁኔታ አረፈች። ሴቶች መንገድ ወጥተው ጮኹላት።

ልብ አድርጉ፣ እነዚህ ሁለቱ ሴቶች ልጃቸውን የፈለጉ ናቸው። ብዙ ሰው «እኔን አይመለከተኝም፣ እኔ አላቋርጥም» ይላል። ሕጉ ግን ማን ፈልጋ ማን ሳትፈልግ እንደፀነሰች አይለይም። ውርጃ ያለ ማንም እጅ በራሱ ይመጣል። የሚደማው ደምም ሆነ የሚነሳው ትኩሳት ያው ነው። ከአልጋው አጠገብ ቆማችሁ ልትለዩት አትችሉም። እኔ ሰላሳ ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም።

በጤና ትምህርት «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባል ነገር ትማራላችሁ። ልሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ስንማረው ምክንያቱ የመንገድ፣ የአምቡላንስ፣ የድህነት ነገር ነው ይሉናል። እውነት ነው። ጥብቅ ሕግ ግን ሦስቱንም ያለ መንገድ ችግር ይፈጥራቸዋል። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት የምትኖር ልጅ ሦስት ቀን ትዘገያለች። ከደረሰችም በኋላ ትዋሻለች። ሐኪሙም ለጠበቃ ይደውላል። አስፋልት ብታነጥፉላት አምቡላንስ ብትልኩላት አይጠቅማትም።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ልበል። በታዳጊ ሀገሮች እንዲህ ባለ ጣጣ የሚመጡትን ሴቶች ማከም በዓመት 553 ሚሊዮን ዶላር ያስወጣል የሚል የ2006 ግምት አለ። በ2012 ብቻ በዚህ ምክንያት ሆስፒታል ገብተው የታከሙት 7 ሚሊዮን ያህል ሴቶች ናቸው። ለእኔ ግን ይህ ወጪ በዶላር አይታየኝም። የሚታየኝ የደም ባንኩ ፍሪጅ ነው። አንድ ሌሊት አንዲት ሴት ማህፀኗ ተበስቶ መጣች። ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች፣ ያለንን ደም ሁሉ ወሰደች፣ ተረፈችም። ማህፀኗ ግን ወጣ፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሊነጋ ሲል ደግሞ ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ከሌላ ጤና ጣቢያ ተላከችልን። ፍሪጁን ከፈትኩት። መብራቱ በራ። ባዶ ነው። ዘመዶቿ በኮሪደሩ እየተሯሯጡ ደም ሰጡ፣ ደርሰውላት ተረፈች። ግን ያንን ባዶ መደርደሪያ ሳየው የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በጊዜው ቢሆን በጥቂት ፍሬ ክኒን ወይም በአሥር ደቂቃ ሥራ ያልቅ የነበረ ነገር አንድ ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ሦስት ባለሙያ፣ የሁለት ሴቶች ደምና አንድ ማህፀን በላ።

ክኒን ካልኩ አይቀር፣ ይህ ታሪክ ደስ ይለኛል። ሚሶፕሮስቶል የተሠራው ለጨጓራ ቁስለት ነው። በ1986 ብራዚል ገበያ ሲገባ እርጉዝ ሴት እንዳትወስደው የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረው። ጽንስ ማቋረጥ ከጥቂት ምክንያቶች በቀር በሕግ የተከለከለባት ሀገር ነች። ሴቶቹ ማስጠንቀቂያውን አንብበው እርስ በርስ ተነጋገሩ። ፕሮፌሰር አልነገራቸውም። ትንሽ ቆይቶ ሐኪሞቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። የሚመጡት ሴቶች አሁንም አሉ፣ እንደ ድሮው ማህፀናቸው ተበስቶና ገምቶ የሚመጡት ግን ቀነሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ መድኃኒት ሚፌፕሪስቶን ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር አድርጎ በ2005 ለጽንስ ማቋረጥ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ለማቆምም ያገለግላል። ለዚህ ነው መድኃኒቱን መቆለፍ አደገኛ የሚሆነው። በአሜሪካ ሉዊዚያና በ2024 በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ካስገቧቸው መድኃኒቶች ጋር ደመሩት። አዋላጆቹ ደም የሚፈሳት እናት አልጋ አጠገብ ካለው ጋሪ አንስተው ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ማኖር ጀመሩ። ጋሪና ቁም ሣጥን ያላቸውን ልዩነት ለማወቅ ደም እየፈሰሳት ያለች ሴት አጠገብ አንዴ መቆም ይበቃል።

አሁን የሃይማኖቱን ነገር ላንሳ፤ እንደማትጠይቁኝ ሆኜ ባልፈው ትታዘቡኛላችሁ። እኔ ጸሎተኛ ሴት ነኝ። የጽንስን ነገር አቅልዬ አላየውም። ከሥራ ባልደረቦቼ ውስጥ በእጄ አልሠራውም ያሉ ነበሩ፤ አከብራቸው ነበር። እናንተም ሕሊናችሁ አይሆንም ካላችሁ መብታችሁ ነው። ግን በትሕትና ለሚሠራው ባለሙያ አስተላልፏት። ስበኩላት አልተባላችሁም። የምትደማ፣ የምታተኩስ ሴት ፊታችሁ ካለች ደግሞ የሕሊና ጥያቄ የለም፤ ሥራ ነው ያለው። በ1994 ካይሮ ላይ በተደረገው የሕዝብና ልማት ጉባኤ ከ170 በላይ መንግሥታት ስለ ሕጉ አልተስማሙም ነበር። ከችግሩ ጋር የመጣች ሴት ግን በየትኛውም ሁኔታ ትታከም በሚለው ተስማምተዋል።

አንድ የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ። በሠራሁበት አንድ ቦታ ማደንዘዣ እያለ ሳይሰጥ ማህፀኗ ሲጠረግ አይቻለሁ። «ትቅመሰው፣ ሁለተኛ አይለምዳትም» ተብሎ። እኔም እግሯን ይዤ ነበር። አልተናገርኩም። ከዚያች ሴት በኋላ የመጡት ሁሉ ይህን ወሬ ሰምተዋል። ወሬ ከአምቡላንስ ይፈጥናል። ስንቷ ያንን ሰምታ ቤቷ እንደቀረች አላውቅም።

ፖሊስም አትሁኑ። በኤልሳልቫዶር ከ1998 ጀምሮ ጽንስ ማቋረጥ በየትኛውም ምክንያት ቢሆን ክልክል ነው። በ2008 አንዲት ደሃ የገጠር እናት፣ ዓለም «ማኑዌላ» በሚል ስም የሚያውቃት፣ ጽንሷ ወርዶ እየደማች ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሟ ለፖሊስ ከሰሰቻት። አልጋው ላይ እንዳለች በካቴና ታሰረች። ሰላሳ ዓመት ተፈረደባት። በ2010 እስር ላይ ሳለች በካንሰር ሞተች፤ ሁለት ልጆች ትታ። የአሜሪካ አህጉር ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2021 መንግሥቱን ጥፋተኛ አለው። የሐኪምና የታካሚ ምስጢር መጣሱን አንዱ ጥፋት አድርጎ ቆጠረው። እኔ ስለዚያች ሐኪም ብዙ አስባለሁ። ክፉ ሰው ነበረች ብዬ አላስብም። ፈርታ ይሆናል። ሕጉ የሚያስፈራው በሽተኛዋን ብቻ አይደለም እኮ።

ለሌሎቻችሁ፣ ለጓደኞች። ጓደኛችሁ ደብቃ የሆነ ነገር ካደረገች ወይም ሳታስበው ከወረደባት፣ ምክሩን ትታችሁ ዓይናችሁን ክፈቱ። በሰዓት ሁለት ሞዴስ ከሞላባት፣ ለሁለት ሰዓትም እንደዚያው ከቀጠለ፤ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላት፤ የሚሸት ፈሳሽ ካየች፤ ሆዷን የማያስቀምጥ ቁርጠት ከያዛት፤ ብድግ ስትል ካዞራት፣ ነገ እንሂድ አትበሉ። ዛሬ። አሁን። ከእሷም ጋር ቆዩ። መንገድ ላይ አገኘኋት ብላችሁ አትውጡ። ወንዶች ልጆችም እዚህ ውስጥ አላችሁ። በሰላሳ ዓመት ውስጥ ከሴቷ ጋር የመጣ ወንድ በጣቴ ቆጥሬ አልጨርስም ብል ዋሸሁ።

ደግሞም፣ ጽንስ ማቋረጥ እንዲቀንስ የምትፈልጉ ካላችሁ (እኔም እፈልጋለሁ) መንገዱ ይታወቃል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 121 ሚሊዮን የሚጠጋ እርግዝና ሳይታሰብ ይመጣል። ከዚያ ውስጥ ስድሳ በመቶ የሚሆነው ይቋረጣል። የእርግዝና መከላከያ ሳይሸማቀቁ የሚገኝበት፣ ልጆች ስለ ገላቸው ሳያፍሩ የሚማሩበት ቦታ ያ ቁጥር ይወርዳል። የሚገርመኝ፣ ሕጉን አጥብቁ ብሎ የሚጮኸው ሰው ብዙ ጊዜ ይኼንንም አትስጡ የሚለው ያው ሰውዬ መሆኑ ነው።

ጡረታ ልወጣ ዓመት ሲቀረኝ ሌላ ልጅ መጣች። ሌሊት ነው። ካርዷ «የሆድ ሕመም» ይላል፣ እንደተለመደው። ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። እጇን ያዝኩ፤ ጣቶቿ ገና ሙቅ ናቸው።

«ሲስተር፣ ለእናቴ ይነግሯታል?» አለችኝ።

«ካልፈቀድሽልኝ ለማንም አልናገርም። እኔ ማወቅ የምፈልገው መቼ እንደጀመረሽ ብቻ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። ግድግዳውን አላየችም።

«ረቡዕ ማታ፣ ሦስት ሰዓት ላይ።»

ካርዷ ላይ ጻፍኩት፣ ሰዓቱንም ጭምር። ከዚያ ተረኛውን ሐኪም ጠራሁ።